ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ እጅ ስልክ ግለት ለነጋዴዎች የቀረበ ማስገንዘቢያ

የእጅ ስልክ ለወሬ መለዋወጫ ብቻ የሚያገለግል መሣሪያ መሆኑ ከቀረ ቆይቶአል። ዛሬ የነጋዴው መዝገብ፣ የነጋዴው መልእክተኛና የነጋዴው የገንዘብ ሣጥን ሆኖአል። በኢትዮጵያ ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ባለሱቁ የሸጠበትን ዋጋ በስልኩ ይቀበላል፤ ቸርቻሪውም ለጅምላ ሻጩ ሒሳቡን በስልኩ ያስተላልፋል። ስለዚህ ስልኩ በቀትር ግሎ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ሲዘጋ የሚቋረጠው ጨዋታ ሳይሆን ገበያ ነው።

የስልክ ግለት ሦስት ዓይነት ነጋዴዎችን ይመለከታል፤ ስልክ የሚያስመጣውን፣ ስልክ የሚሸጠውንና በስልክ የሚነግደውን። ሦስቱም ደንበኛ «ስልኬ ጋለ» ባለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀርብላቸዋል፤ ይኸውም ግለቱ የሥራ ድካም ነው ወይስ የአደጋ ምልክት? የሚል ነው። ይህን ለይቶ ያላወቀ ነጋዴ ወይ ደኅናውን ዕቃ ያለ ምክንያት መልሶ ይከስራል፤ ወይ አደገኛውን ዕቃ «ይህማ ምንም አይደለም» ብሎ ወደ ደንበኛው ቤት ይልካል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ መሆኑን ማስረዳት አያስፈልግም።

ግለቱ ከየት ይመጣል?

ማናቸውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ከሚወስደው ኃይል ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ይህን ሙቀት የሚያስወጣበት ማራገቢያ አለው። የእጅ ስልክ ግን ቀጭንና ዙሪያው የተደፈነ ስለ ሆነ ሙቀቱ የሚወጣው በጀርባውና በመስተዋቱ በኩል ነው። እንግዲህ ብዙ ሥራ የሠራ ስልክ በእጅ ሲይዙት ለብ ብሎ ቢገኝ ሕመም አይደለም፤ ሙቀቱ መውጫ ማግኘቱን የሚያመለክት ነው።

በስልኩ ውስጥ ሙቀትን የሚያመነጩት በተለይ አራት ናቸው። አንደኛው የስልኩ አእምሮ የሆነው ፕሮሰሰር ሲሆን ቪዲዮ ሲቀረጽበት፣ ጨዋታ ሲጫወቱበት ወይም ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱበት ይሞቃል። ሁለተኛው የመስተዋቱ ብርሃን ነው፤ ከቤት ውጭ በፀሐይ ላይ ሲሠሩበት ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ስለሚጨምር ኃይል ይበላል። ሦስተኛው ከማማው ጋር የሚነጋገረው የሬዲዮ ክፍል ነው። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በሕንፃ ምድር ቤት ባለ ሱቅ ውስጥ፣ ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደሚጮኽ ሰው የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ በዚህም የተነሣ በኪስ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ሊግል ይችላል። አራተኛው ባትሪው ነው፤ ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ ከሚገባው ኃይል ጥቂቱ በሙቀት መልክ ይባክናል። ያለ ገመድ በሚሞላ ቻርጀር ሲሆን ብክነቱ ከባለ ገመዱ ይበልጣል።

በእነዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ ይጨመራል። ታላላቆቹ አምራቾች ስልካቸው እንዲሠራበት የወሰኑት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ ወሰን ለአዲስ አበባ ነጋዴ ብዙ አያሳስብም። ነገር ግን ለሰሊጥ ግዥ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ላኪ፣ በሠመራ ወይም በጋምቤላ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፣ ዕቃውን ለመረከብ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ከዚህ ወሰን በላይ የሚውልባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። በፀሐይ የቆመና መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ እንደሚችል ሲታሰብ፣ ስልክን በመኪና መሪ ፊት ለፊት አስቀምጦ መሄድ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ግልጽ ይሆናል።

ስልኩ ራሱ ይህን ያውቃል። በውስጡ የሙቀት መለኪያዎች ስላሉት ሙቀቱ ሲበዛበት አስቀድሞ ሥራውን ያዘገያል፤ ቀጥሎ የመስተዋቱን ብርሃን ይቀንሳል፤ ቻርጅ መቀበሉን ያቆማል፤ በመጨረሻም እስኪበርድ ድረስ የሚያቆይ ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ይዘጋል። ብዙ ደንበኞች ይህን እንደ ብልሽት ቆጥረው ወደ ሱቅ ይመለሳሉ። በእውነቱ ግን ገበሬ በቀትር በሬውን ፈትቶ ጥላ ሥር እንደሚያሳርፍ ሁሉ ስልኩም ራሱን ማሳረፉ ነው።

ሁለት ዓይነት ግለት

በሥራ ብዛት በሚመጣ ግለትና በባትሪ ሕመም በሚመጣ ግለት መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት በዓለም ገበያ የታዩ ሁለት ታሪኮችን ማነጻጸር ይበቃል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በመስከረም 2023 የአፕል ኩባንያ አይፎን 15 ፕሮ የተባለውን ስልክ ለገበያ ሲያቀርብ ብዙ ገዢዎች ስልኩ ከመጠን በላይ እንደሚግል ተናገሩ። አንዳንዶች ምክንያቱ አዲሱ የታይታኒየም ብረት ነው አሉ። ኩባንያው ግን ይህን አስተባብሎ፣ ጥፋቱ ስልኩን በሚያንቀሳቅሰው አይ ኦ ኤስ 17 በተባለው ሶፍትዌር ላይ ያለ ስሕተትና ፕሮሰሰሩን ከልክ በላይ የሚያሠሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች መሆናቸውን አስታወቀ። በጥቅምት ወር መጀመሪያ ማስተካከያው ተላከ፤ ስልኮቹም ወደ ሱቅ ሳይመለሱ በየባለቤቶቻቸው እጅ እንዳሉ ታረሙ። ይህ የሥራ ግለት ነበር።

ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነው ግን የተለየ ነው። የደቡብ ኮሪያው ሳምሱንግ ኩባንያ ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ አወጣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዳንዶቹ ስልኮች መቃጠል ጀመሩ። በመስከረም 2 ቀን ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ እስከዚያ ቀን ድረስ የተላኩትን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ስልኮች እንደሚተካ አስታወቀ። በዚያው ወር አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት የሸማቾች ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዚያ አገር ብቻ 92 የባትሪ መጋል አቤቱታዎች እንደ ደረሱ ገለጸ፤ ከእነዚህም 26ቱ በሰው አካል ላይ የደረሰ ቃጠሎ፣ 55ቱ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት ነበረባቸው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኩባንያው በሌላ ፋብሪካ ባትሪ የተሠሩ ተተኪ ስልኮችን ሰጠ። በጥቅምት 5 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ከተተኪዎቹ አንዱ በአሜሪካ በሉዊቪል ከተማ ለመነሣት በተዘጋጀ የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ጢስ አወጣና መንገደኞቹ በሙሉ ወረዱ። ሳምንት ሳይሞላ የስልኩ ሥራ ለዘለዓለም ቆመ። ደንበኞች ስልኩን የሚመልሱበት እሳት የሚቋቋም ሣጥን ከእጅ ጓንት ጋር ተላከላቸው።

በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ኩባንያው 200,000 ስልኮችንና 30,000 ባትሪዎችን ከመረመረ በኋላ ምክንያቱን ለሕዝብ ገለጸ። በመጀመሪያው አቅራቢ ባትሪ ላይ ማቀፊያው ለውስጡ አካል ጠባብ ስለ ነበር በላይኛው ማዕዘን በኩል ያለው አሉታዊ ንጣፍ ተጣሞ ነበር። በሁለተኛው አቅራቢ ባትሪ ላይ ደግሞ በብየዳ ጊዜ የቀሩ ሹል ብረቶች የመለያውን ስስ ሽፋን ወግተው አልፈዋል፤ በአንዳንዶቹም ላይ መከለያ ፕላስተሩ ጨርሶ አልነበረም። ሁለት ፋብሪካዎች፣ ሁለት ልዩ ልዩ ጥፋቶች፣ አንድ ዓይነት እሳት። ይህ ግለት በሶፍትዌር ማስተካከያም ሆነ በጥላ የሚድን አልነበረም።

በባትሪው ውስጥ ምን ይሆናል?

የዛሬው ስልክ ሁሉ የሚሠራው በሊትየም አዮን ባትሪ ነው። ይህን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ሲሆን ዘመኑም 1991 እ.ኤ.አ. ነው። መሠረቱን የጣሉት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በትንሽ ስፍራ ብዙ ኃይል በማጠራቀም ረገድ ከቀደሙት ባትሪዎች የሚበልጥ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ከበጎ ጠባዩ ነው።

ባትሪው ሲከፈት እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ነው። አንዱ ንጣፍ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ሲሆን በመካከላቸው እጅግ ስስ የሆነ የፕላስቲክ መለያ አለ፤ ሁሉም በቀላሉ በሚቀጣጠል ፈሳሽ ርሰዋል። ሁለቱ ንጣፎች እንዳይነካኩ የሚጠብቃቸው ያ ስስ መለያ ነው። የባትሪው ውስጥ ሙቀት ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በአሉታዊው ንጣፍ ላይ ያለው መከላከያ ሽፋን መፍረስ ይጀምራል፤ መፍረሱም ራሱ ተጨማሪ ሙቀት ይወልዳል። ወደ 130 ዲግሪ ሲቃረብ መለያው ይቀልጣል፤ ንጣፎቹ ይነካካሉ፤ ያጠራቀሙትም ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ከዚህ በኋላ ባትሪው ከውጭ እሳት ሳይፈልግ ራሱን በራሱ ያቃጥላል፤ የሚወጣውም ጢስ መርዛም ነው።

ወደዚህ ደረጃ የሚያደርሱት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ ከፋብሪካ የመጣ ጉድለት፣ መውደቅና መጨፍለቅ፣ በሹል ነገር መወጋት፣ ከመጠን ያለፈ ቻርጅ፣ ከውጭ የመጣ ከባድ ሙቀት። ስለዚህ ነጋዴው ሊያውቃቸው የሚገቡ ምልክቶችም ግልጽ ናቸው። ሥራ ሳይሠራበትና ቻርጅ ሳይደረግ የሚግል ስልክ፣ ጀርባው ያበጠ ወይም መስተዋቱ ከማቀፊያው የተነሣ ስልክ፣ ጣፋጭ ወይም የመድኃኒት ዓይነት ሽታ ያለው ስልክ፣ የሚሾክክ ድምፅ የሚያሰማ ስልክ የታመመ ባትሪ ያለበት ነው። እንዲህ ያለው ስልክ ዳግመኛ ቻርጅ ሊደረግ፣ በመደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ፣ በቅናሽም ሊሸጥ አይገባም።

ለአስመጪው፤ የመንገዱ ሙቀት

ስልክ ደንበኛ እጅ ሳይገባ ብዙ ሙቀት ሊያገኘው ይችላል። በባሕር የመጣ ዕቃ በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፤ ከዚያም በጋላፊ በኩል የአፋርን ቆላ አቋርጦ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይጓዛል። በፀሐይ የቆመ የብረት ኮንቴይነር ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ የበለጠ እንደሚሞቅ የታወቀ ነው። ለብዙ ቀን በዚህ ሁኔታ የቆየ ስልክ በካርቶኑ ውስጥ አዲስ ሆኖ ይታይ እንጂ የባትሪው ዕድሜ ግን አብሮ አልተጠበቀም።

በባትሪ ጠበብት ዘንድ የታወቀው መለኪያ ይህን በግልጽ ያሳያል። ግማሽ ያህል፣ ማለት 40 በመቶ ገደማ፣ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከመጀመሪያ አቅሙ ወደ 96 በመቶ ይተርፈዋል። በዚያው መጠን ተሞልቶ በ40 ዲግሪ የተቀመጠው ወደ 85 በመቶ ይወርዳል። ሙሉ ለሙሉ ተሞልቶ በ40 ዲግሪ የተቀመጠው ግን ወደ 65 በመቶ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ሁለቱ የባትሪ ጠላቶች ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ሲሆኑ፣ ሁለቱ በአንድነት ሲመጡ ጉዳቱ ይበረታል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለ መጋዘን አንድ ዓመት የቆየን ዕቃ «አዲስ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሳያውቀው አንድ ሦስተኛ የጎደለ ዕቃ ሊሸጥ ይችላል።

ስለዚህ አስመጪው የሚከተሉትን ቢጠብቅ ጥቅሙ የራሱ ነው። መጋዘኑ አየር የሚገባበትና ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን። ካርቶኖቹ ከጣራው ተጠግተው አይከመሩ፤ የላይኛው አየር ከታችኛው ይሞቃልና። ቀድሞ የገባው ዕቃ ቀድሞ ይውጣ። ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ስልኮችና ፓወር ባንኮች ሙሉ ሳይሆኑ ግማሽ ያህል ተሞልተው ይቀመጡ። ርጥበት ወይም መጨፍለቅ የደረሰበት ካርቶን ከሌላው ተለይቶ ይመርመር።

በአየር የሚመጣ ዕቃ የራሱ ሕግ አለው። በመስከረም 3 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ ፓርሰል ሰርቪስ የጭነት አውሮፕላን ከዱባይ ተነሥቶ ሳለ በጭነቱ ውስጥ በተነሣ እሳት ወድቆ ሁለቱ አብራሪዎች ሞተዋል፤ እሳቱ በተነሣበት ጭነት ውስጥ ብዙ የሊትየም ባትሪዎች ነበሩ። ከሚያዝያ 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለብቻቸው የታሸጉ የሊትየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኞች አውሮፕላን ጭነት ሆነው እንዳይሄዱ ከልክሎአል፤ በጭነት አውሮፕላን የሚሄዱትም ቻርጃቸው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖአል። የዕቃው ዓይነት በ9ኛው የአደገኛ ዕቃዎች ክፍል የሚመደብ ሲሆን ለብቻው የታሸገ ባትሪ መለያው ዩኤን 3480፣ ከመሣሪያ ጋር የታሸገው ወይም በመሣሪያ ውስጥ ያለው ደግሞ ዩኤን 3481 ነው።

ለመለዋወጫነት ባትሪ የሚያስመጣ ነጋዴ «የስልክ ዕቃ» ብቻ ብሎ ማስጻፍ የዋጋ ጉዳይ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ጭነቱን የሚያነሡት ሠራተኞችና አብራሪዎቹ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን የሚያውቁት ከተጻፈው ብቻ ነው። ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ ይዞ የሚጓዝ መንገደኛም በእጅ ሻንጣው እንጂ ለጭነት በሚያስረክበው ሻንጣ ውስጥ ማድረግ የለበትም።

አስመጪው ከአቅራቢው ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ሰነድ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 38.3 በሚል ቁጥር የሚታወቀው መመዘኛ ባትሪዎች በስምንት ፈተናዎች እንዲያልፉ ያዝዛል። እነዚህም ከፍ ያለ ስፍራ ዝቅተኛ ግፊት፣ የሙቀት መለዋወጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ መናጥ፣ ከውጭ የሚመጣ ሾርት፣ መመታትና መጨፍለቅ፣ ከመጠን በላይ ቻርጅና በግዳጅ ባዶ መደረግ ናቸው። ከጥር 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዚህ ፈተና ውጤት ማጠቃለያ ለጠየቀ ሁሉ እንዲሰጥ ተወስኖአል። ፕሮፎርማ ኢንቮይስ በሚጠየቅበት ጊዜ ይህ ማጠቃለያ አብሮ ይጠየቅ። ሊሰጥ የማይፈልግ አቅራቢ ዋጋው የረከሰበትን ምክንያት በዝምታው ተናግሮአል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የኖት 7 ታሪክ እንደሚያስተምረው፣ አንድ ዓይነት ስልክ ከሁለት ፋብሪካ ባትሪ ሊኖረው ስለሚችል የእያንዳንዱ ጭነት የምርት ቁጥርና የገዢው ባለሱቅ ስም በመዝገብ ይያዝ። ጉድለት የታወቀ ዕለት ዕቃውን ለይቶ መሰብሰብ የሚቻለው ይህ መዝገብ ካለ ብቻ ነው።

ለባለሱቁ፤ ርካሽ ቻርጀርና የመደርደሪያው ሥርዓት

ባለሱቁ በዕለት ሽያጩ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ስልክ ሳይሆን ቻርጀር ነው። ቻርጀር የ220 ቮልቱን የግድግዳ ኤሌክትሪክ ወደ 5 ቮልት ወይም ስልኩ ወደሚፈልገው መጠን የሚለውጥ መሣሪያ ነው። በደኅናው ቻርጀር ውስጥ ከፍተኛው ኃይልና ዝቅተኛው ኃይል በበቂ ርቀትና በመከለያ ተለያይተዋል። በሐሰተኛው ውስጥ ግን ይህ መለያየት ሲቀንስ ወይም ጨርሶ ሲጠፋ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ወደ ስልኩና ወደ ሰውየው እጅ ሊያልፍ ይችላል። ዩ ኤል የተባለው የታወቀ የመመርመሪያ ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. የአፕልን ስም የያዙ 400 ሐሰተኛ ቻርጀሮችን ፈትኖ ከመቶ 99 በላይ የሚሆኑት ፈተናውን ሳያልፉ ቀርተዋል።

ሐሰተኛውን በዐይን ለመለየት ሁልጊዜ ባይቻልም መነሻ የሚሆኑ ምልክቶች አሉ። ክብደቱ ከእውነተኛው ይቀልላል፤ በላዩ የታተመው ጽሑፍ የፊደል ስሕተት አለበት ወይም ሲታሽ ይለቃል፤ መሰኪያው በሶኬት ውስጥ ይላላል፤ ያለ ስልክ እንኳ ተሰክቶ ሲቆይ ይግላል ወይም ይጮኻል። እንዲህ ያለውን ቻርጀር ሸጦ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ሲሆን ከእርሱ የተነሣ የተበላሸ ስልክ ግን የሚመለሰው ወደ ሸጠው ሱቅ ነው።

ሱቁ ራሱም ሥርዓት ያስፈልገዋል። የብዙ ሱቆች ጣራ ቆርቆሮ፣ አንዳንዶቹም ሙሉ በሙሉ ከብረት ኮንቴይነር የተሠሩ በመሆናቸው ከቀትር በኋላ ይሞቃሉ። ስለዚህ የሚታዩ ስልኮች ፀሐይ በሚገባበት መስተዋት ፊት አይደርደሩ፤ ለማሳያ ባዶ ማቀፊያ ማስቀመጥ ይበቃል። በአንድ ማከፋፈያ ሶኬት ላይ አሥር ቻርጀር መሰካት ገመዱን ያግላል። ሱቅ ተዘግቶ ሲታደር ምንም ነገር ቻርጅ ላይ አይደር። ባትሪዎች ከቁልፍ፣ ከሳንቲምና ከሽቦ ጋር በአንድ መሳቢያ አይቀመጡ፤ ጫፎቻቸው በፕላስተር ይሸፈኑ።

ጥገና የሚያደርግ ባለሱቅ ስልኩን ከመክፈቱ በፊት ባትሪው ከሩብ በታች እስኪወርድ ቢያቆየው አደጋው ይቀንሳል፤ ብዙ ኃይል የሌለው ባትሪ ቢወጋ እንኳ እሳቱ ይደክማልና። ባትሪው በሙጫ ተጣብቆ ሲገኝ በብረት መሣሪያ ጎትቶ ማንሣት፣ ከልኩ የረዘመ ብሎን ማሰር፣ ያበጠውን ባትሪ ነፋሱን ለማስወጣት መብሳት የተከለከለ መሆን አለበት። የወጣው አሮጌ ባትሪ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይጣል፤ አሸዋ በተሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ከሱቁ ውጭ ተቀምጦ ለሚሰበስቡ ወገኖች ይሰጥ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎአል። ባትሪው የተለወጠ ወይም ያገለገለ ስልክ ሲሸጥ ይህን ተናግሮ በደረሰኝ ላይ መጻፍ ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ይጠብቃል። ነገ ጥያቄ ቢነሣ የሚመሰክርለት ወረቀቱ ነውና።

ለደንበኛ የሚሰጥ ምክር

ስልክ ሲሸጥ አብሮ የሚሰጥ የሁለት ደቂቃ ምክር ብዙ ምላሽን ያስቀራል። ስልኩ ሲግል ከፀሐይ ይነሣ፤ ከቻርጀሩ ይነቀል፤ ወፍራም ከቨሩ ይውለቅ፤ የማያስፈልጉት ፕሮግራሞች ይዘጉ፤ ከተቻለም ራሱ ስልኩ ለጥቂት ጊዜ ይጥፋ። በጥላና በነፋሻ ስፍራ ይቀመጥ። ቶሎ እንዲበርድ ብሎ በማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ግን ታላቅ ስሕተት ነው፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ጤዛ ይቋጠርና ውሃ ገብቶበት ይበላሻል። ሌሊት ትራስ ወይም ብርድ ልብስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግ ሙቀቱን መውጫ ማሳጣት ነው። ኔትወርክ በሌለበት መንገድ ሲጓዙ የበረራውን ሞድ መክፈት ባትሪውንም ሙቀቱንም ያድናል። ቻርጅ እየተደረገ ቪዲዮ ማየትና ኢንተርኔት ለሌላ ማካፈል ሦስት ሸክም በአንድ አህያ ላይ መጫን ነው።

እንዲህ ከተደረገ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚበርድና ወደ ሥራው የሚመለስ ስልክ ደኅና ነው። ፕሮግራሞቹና ሶፍትዌሩ ይታደሱለት። ሳይሠራበት ዳግመኛ የሚግል ከሆነ ግን ባትሪው ይመርመር።

እሳት ቢነሣ

ስልክ መጤስ ወይም መሾክ ሲጀምር የሚያስፈልገው ፍጥነትና እርጋታ ነው። በእጅ አይያዝ። ከሶኬቱ ነቅሎ ለመገላገል የሚያሰጋ ከሆነ የሱቁ ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው ይቋረጥ። ሰዎች ይውጡ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ጢሱን ማንም አይተንፍስ። ኤሌክትሪኩ መቋረጡ ከተረጋገጠ በኋላ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ይጠቅማል፤ የውሃው ሥራ ነበልባሉን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ባትሪውን ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ መጫን ወይም በጨርቅ መሸፈን አይገባም፤ ሙቀቱን አፍኖ ያቆየዋልና። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ባትሪው ዳግመኛ ሊነሣ ስለሚችል ሳይነካ በዐይን ይጠበቅ። እሳቱ ወደ ሌላ ዕቃ ከተላለፈ ወጥቶ የእሳት አደጋ መከላከያን መጥራት ከሁሉ ይቀድማል፤ ሸቀጥ ይተካል፣ ሰው አይተካም።

የነገሩ ሒሳብ

ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚወጣው ወጪ ብዙ አይደለም። አንድ ሰነድ መጠየቅ፣ አንድ መዝገብ መያዝ፣ አንድ መደርደሪያ ከፀሐይ ማንሣት፣ አንድ የብረት ባልዲ አሸዋ ማስቀመጥ ነው። የሚጠበቀው ሀብት ግን የመጋዘኑ ዕቃ፣ የሱቁ ጣራና የነጋዴው ስም ነው። ያን ያህል ሀብትና ጠበብት ያለው ኩባንያ እንኳ የአንድ ጠባብ ማቀፊያ ጉድለት ሚሊዮን ዕቃዎቹን ከገበያ እንዲሰበስብ አስገድዶታል። ሆኖም ኩባንያው ዕቃውን መልሶ መቀበሉና ጥፋቱን በግልጽ መናገሩ የደንበኞቹን እምነት ለመመለስ ረድቶታል። ለታናሹም ሱቅ መንገዱ ይኸው ነው፤ ያበጠ ስልክ ይዞ የመጣ ደንበኛ በክርክር ሳይሆን በምርመራ ይቀበሉት።

የአገሩ ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። የስልክ ነጋዴ ይህን ምክር የሚፈጽምበት ጊዜ ባትሪው የሚጤስበት ዕለት ሳይሆን ፕሮፎርማው የሚጠየቅበት፣ ካርቶኑ የሚከመርበትና ቻርጀሩ የሚመረጥበት ዕለት ነው።